ሐይቅ እስጢፋኖስን ለሚጎበኝ፦ ገዳሙ፣ መጻሕፍቱና ውኃው

ከደሴ ከተማ በስተ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ፣ በደቡብ ወሎ ዞን ተሁለደሬ ወረዳ የሚገኘው የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም በኢትዮጵያ የትምህርትና የሥነ ጽሑፍ ታሪክ ከፍ ያለ ስፍራ ካላቸው ጥንታውያን ገዳማት አንዱ ነው። በሆጤም ሆነ በሌላው የደሴ ክፍል፣ በኮምቦልቻም የሚኖር ሰው ማለዳ ተነሥቶ ገዳሙን ጎብኝቶ ፀሐይ ሳትጠልቅ ወደ ቤቱ ሊመለስ ይችላል።

«በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል» እንዲሉ፣ ቅርበቱ ራሱ ስፍራውን ችላ እንዲባል አድርጎታል። ብዙው የአካባቢው ሰው ወደ ሐይቅ የሚወርደው ዓሣ ለመብላትና በውኃው ዳር አረፍ ለማለት ነው። ከመዝናኛው ብዙም ሳይርቅ ከ700 ዓመታት በላይ የዘለቀ የመጻሕፍትና የትምህርት ቤት መኖሩን ልብ የሚለው ጥቂቱ ነው። ይህ ጽሑፍ የገዳሙን ታሪክ፣ ወደ ስፍራው የሚያደርሰውን መንገድና እንግዳ ሊያከብረው የሚገባውን ሥርዓት ያስረዳል። ገዳሙን ለዘመናት ያቀፈው ሐይቅ ዛሬ የማንን ጥበቃ እንደሚሻም ያመለክታል።

ሐይቁና ደሴቱ

ሎጎ ሐይቅ በኮረብታዎች የተከበበ ሲሆን፣ 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት አለው። ጥልቀቱ በአንዳንድ ስፍራ ከ80 ሜትር ይበልጣል። ውኃ የሚያገኘው ከዝናብና ከዙሪያው ከሚወርዱ ጅረቶች ነው። ከሐይቁ ወጥቶ በገጸ ምድር የሚፈስ ወንዝ የለም። ውኃው የሚቀንሰው በዋናነት በትነት በመሆኑ፣ ከኮረብታው የወረደ አፈርም ሆነ ሌላ ነገር ሐይቁ ውስጥ ከገባ በኋላ ተመልሶ የሚወጣበት መንገድ እጅግ ጠባብ ነው።

የአካባቢው ሕዝብ ስለ ሐይቁ አፈጣጠር የሚተርከው አፈ ታሪክ አለ። አንዲት ነፍሰ ጡር ሴት በአንዲት ልዕልት ግፍ ተፈጸመባት፤ እግዚአብሔርም ተቆጥቶ ሴቲቱ ከተቀመጠችበት መሬት በቀር ዙሪያውን በሙሉ ውኃ አደረገው፤ ልዕልቲቱና ወገኖቿም ሰጠሙ፤ ሴቲቱ የተቀመጠችባት መሬት ደሴት ሆና ቀረች ይላል። ገዳሙ የተመሠረተው በዚያች ደሴት ላይ እንደሆነ ይነገራል። ተረቱ የተበደለ ሰው ዕንባ ከንቱ እንደማይቀር ለልጆች ሲያስተምር የኖረ ነው።

ዛሬ ገዳሙ ያለበት ስፍራ ደሴት አይደለም። በሦስት ወገን በውኃ የተከበበ፣ በአንዱ ወገን ከየብስ ጋር የተያያዘ መሬት ነው። ቀድሞ ግን በእርግጥ ደሴት ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1520 እስከ 1526 በኢትዮጵያ የቆየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ሐይቁን አይቶ በጻፈው ዘገባ፣ የቅዱስ እስጢፋኖስ ገዳም በደሴት ላይ እንደሚገኝና መነኮሳቱ ከውኃ ዳር ሣር በተሠራ ታንኳ እንደሚሻገሩ አስፍሯል። ያኔ በታንኳ ይታለፍ የነበረው ስፍራ ዛሬ በእግር ይታለፋል። ጎብኝው ወደ ገዳሙ ሲያመራ የሚረግጠው መሬት ራሱ ሐይቁ ያለፈበትን ለውጥ የሚናገር ምስክር ነው።

አባ ኢየሱስ ሞዐና የሐይቅ ትምህርት ቤት

የገዳሙ ትውፊት የስፍራውን ምሥረታ ከአክሱም ዘመን ፍጻሜ፣ ከንጉሥ ድልናዖድ ጋር ያያይዘዋል። በጽሑፍ ማስረጃ ጎልቶ የሚታየው ዘመን ግን አባ ኢየሱስ ሞዐ ወደ ሐይቅ ከመጡበት ከ1248 እ.ኤ.አ. ይጀምራል። አባ ኢየሱስ ሞዐ የዳህና ሰው ሲሆኑ፣ በትግራይ በሚገኘው በደብረ ዳሞ ገዳም በአባ ዮሐኒ ዘንድ ተምረው መንኩሰዋል። ወደ ሐይቅ ከመጡ በኋላ እስከ ዕረፍታቸው ድረስ ከአራት ዐሥርት ዓመታት በላይ በዚያው ቆይተው ደቀ መዛሙርት ሰብስበዋል፣ መጻሕፍት አስጽፈዋል፣ የምንኩስና ሥርዓትንም አጽንተዋል።

የዚያ ትምህርት ቤት ፍሬ ከወሎ አልፎ ወደ ሌሎች አገሮች ደርሷል። የደብረ ሊባኖስ ገዳም መሥራች አቡነ ተክለ ሃይማኖት በሐይቅ ከአባ ኢየሱስ ሞዐ እንደተማሩ ገድላቸው ይናገራል። በጣና ሐይቅ የዳጋ እስጢፋኖስን ገዳም የመሠረቱት አባ ኂሩተ አምላክም ከዚሁ ቤት የወጡ ናቸው። ዳጋም እንደ ሐይቅ በቅዱስ እስጢፋኖስ ስም መጠራቱ፣ እንደ ሐይቅም በውኃ በተከበበ ደሴት ላይ መመሥረቱ የሁለቱን ዝምድና ያሳያል።

ገዳሙ በቤተ መንግሥትም ዘንድ ትልቅ ስፍራ ነበረው። እ.ኤ.አ. በ1270 ዐፄ ይኩኖ አምላክ ሲነግሡ ሐይቅ ከአዲሱ ሥርወ መንግሥት ጋር የቅርብ ግንኙነት እንደነበረው ይታወቃል። የሐይቅ አበምኔት «ዓቃቤ ሰዓት» በሚል ማዕረግ ከንጉሡ የቅርብ አማካሪዎች አንዱ ሆኖ ያገለግል ነበር። የታሪክ ሊቁ ታደሰ ታምራት ከ1248 እስከ 1535 እ.ኤ.አ. የነበሩትን የሐይቅ አበምኔቶች ታሪክ በጥናት አቅርበዋል። ጥናቱ ሊሠራ የቻለው መነኮሳቱ የዘመናቸውን ነገር በብራና ላይ ጽፈው ስላቆዩ ነው።

የኢየሱስ ሞዐ ወንጌል

ከገዳሙ ቅርሶች ሁሉ ስመ ጥሩው የአባ ኢየሱስ ሞዐ ወንጌል ነው። አራቱን ወንጌላት በግእዝ የያዘው ይህ የብራና መጽሐፍ በሥዕላት ያጌጠ ሲሆን፣ አባ ኢየሱስ ሞዐ በ1280 ወይም በ1281 እ.ኤ.አ. ለገዳሙ የሰጡት መሆኑ በራሱ በመጽሐፉ ውስጥ ተጽፏል። የተጻፈበት ዘመን በግልጽ ከሚታወቅ ጥንታውያን የኢትዮጵያ ባለ ሥዕል መጻሕፍት አንዱ በመሆኑ፣ የሌሎችን መጻሕፍትና ሥዕላት ዕድሜ ለመገመት የሚጥሩ ተመራማሪዎች እንደ መለኪያ ይጠቀሙበታል።

በጥንታውያን ገዳማት ወንጌል ከጸሎት መጽሐፍነቱ ባሻገር የመዝገብ ቤትም ነበር። ንጉሥ መሬት ሲሰጥ፣ ባለጸጋ ንብረት ሲያወርስ፣ አበምኔት መጻሕፍት ሲያስገባ ቃሉ በወንጌሉ ባዶ ገጾችና ኅዳጎች ላይ ይጻፍ ነበር። ወንጌልን የሚሰርዝ ወይም የሚፍቅ አይኖርም ተብሎ ስለሚታመን፣ ከዚያ የበለጠ አስተማማኝ መዝገብ አልነበረም። የመሬት ይዞታ ማረጋገጫ ደብተሩን በሳጥን አሽጎ የሚያስቀምጥ ገበሬ የዚህን አሠራር ትርጉም ለመረዳት አይቸገርም።

መጽሐፉን በአድናቆት ለመመልከት እንዴት እንደሚዘጋጅ ማወቅ ይጠቅማል። ብራና ከፍየል፣ ከበግ ወይም ከሌላ እንስሳ ቆዳ ይሠራል። ቆዳው ውኃ ውስጥ ይዘፈዘፋል፣ በእንጨት ማዕቀፍ ላይ ይወጠራል፣ ሥጋውና ጠጉሩ ይፋቃል፣ ከደረቀም በኋላ ይለሰልሳል። ጸሐፊው በመቃ ብዕር ዋናውን ጽሑፍ በጥቁር ቀለም፣ የቅዱሳንን ስምና የምዕራፍ መጀመሪያን በቀይ ቀለም ይጽፋል። ከዚያም ቅጠሎቹ ተሰፍተው በእንጨት ገበታ ይታቀፋሉ፣ ድጉስ ቆዳም ይለብሳሉ፣ በማኅደር ውስጥም ይቀመጣሉ። ከአንድ እንስሳ ቆዳ የሚገኘው ቅጠል ጥቂት ስለሆነ ለአንድ ትልቅ መጽሐፍ የብዙ እንስሳት ቆዳና የወራት ልፋት ይጠየቃል። ለመጻሕፍቱ ቆዳ የሚገኘው ከእረኛውና ከገበሬው መንጋ ነበርና፣ የገዳሙ መጻሕፍት የአገሬው ገበሬ ሀብትም አሉባቸው።

መጻሕፍቱ ብዙ ክፉ ቀን አልፈዋል። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም ዘመን በነበረው ጦርነት፣ ገዳሙ ብዙ ንብረት አጥቷል። የኢየሱስ ሞዐ ወንጌል ግን ተርፎ፣ በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በማይክሮ ፊልም ተቀርጾ በዓለም ያሉ ተመራማሪዎች እንዲያጠኑት ሆኗል።

የዱራም ምሳሌ

በሰሜን እንግሊዝ የምትገኘው የዱራም ከተማ ታሪክ ከሐይቅ ጋር የሚቀራረብ ገጽታ አለው። የዱራም ካቴድራል የዌር ወንዝ በሦስት ወገን በከበበው ከፍተኛ ስፍራ ላይ የቆመ ነው። ግንባታው የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1093 ሲሆን፣ ከ1986 ጀምሮ ከከተማዋ ቤተ መንግሥት ጋር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። የመጣበት ሥርም እንደ ሐይቅ ከደሴት ገዳም ይመዘዛል። በሊንዲስፋርን ደሴት የነበሩ መነኮሳት በ700 እ.ኤ.አ. ገደማ በሥዕል ያጌጠ ወንጌል አዘጋጁ። በ9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በመርከብ የሚመጡ ወራሪዎች ሲያስጨንቋቸው የቅዱስ ካትበርትን አስከሬን ይዘው ደሴቱን ለቀቁ፤ ተከታዮቻቸውም ከብዙ እንግልት በኋላ በ995 ዱራም ደረሱ።

ልዩነቱ የታየው ከዚያ በኋላ ነው። በ1539 በንጉሥ ሄንሪ ስምንተኛ ትእዛዝ የዱራም ገዳም ተዘጋ፣ መነኮሳቱም ተበተኑ። የሊንዲስፋርን ወንጌል ዛሬ የሚገኘው ለንደን ውስጥ በብሪታንያ ቤተ መጻሕፍት ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 ለዐውደ ርእይ ወደ ዱራም በውሰት ሲመጣ ሕዝቡ ለማየት ይጎርፍ ነበር። ካቴድራሉ አሁንም ጸሎት ይደረስበታል፣ በየዓመቱም ብዙ እንግዳ ይቀበላል፤ መጽሐፉ ግን ከተጻፈበትም፣ ለዘመናት ከኖረበትም አገር ርቋል።

በሐይቅ መነኮሳቱ ዛሬም ይጸልያሉ፣ የጥንት መጻሕፍትም በገዳሙ ውስጥ ይኖራሉ። አንድ ቅርስ ከተሰጠው ቤት ሳይለይ ለ700 ዓመታት መኖሩ በዓለም ላይ እምብዛም የማይገኝ ነገር ነው። የደሴ ሰው ዱራም ሄዶ ሊያየው የማይችለውን ነገር በ30 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ያገኛል።

ከደሴ ወደ ገዳሙ

ወደ ሐይቅ ከተማ የሚወስደው ደሴን ከወልድያ የሚያገናኘው የአስፋልት መንገድ ነው። ከደሴ መናኸሪያ በዚህ መስመር የሚሄዱ ተሽከርካሪዎች ይገኛሉ። ከኮምቦልቻ የሚነሣ ሰው በቅድሚያ ወደ ደሴ መውጣት አለበት። ከሐይቅ ከተማ እስከ ገዳሙ ያለው ጥቂት ኪሎ ሜትር በባጃጅ ወይም በእግር ይኬዳል። መንገዱ ዳገትና ቁልቁለት ያለው በመሆኑ ከደሴ ብርድ የተነሣ መንገደኛ ወደ ሐይቅ ሲወርድ ሙቀቱ እየጨመረ እንደሚሄድ ይሰማዋል፤ ቀለል ያለ ልብስም ሊይዝ ይገባል።

ለጉብኝት የሚመቸው ወቅት ከመስከረም አጋማሽ እስከ ኅዳር ነው። ክረምቱ አልፎ ኮረብታው ለምልሞ፣ አየሩም ጠርቶ ይገኛል። በሐምሌና በነሐሴ ዝናቡ ስለሚበረታ የእግር መንገዱ ጭቃ ይሆናል። የገዳሙን በዓል ማየት የሚሻ ሰው የአቡነ ኢየሱስ ሞዐ መታሰቢያ የሚከበርበትን ኅዳር 26ን፣ ወይም የቅዱስ እስጢፋኖስን በዓል ጥር 1ን ሊመርጥ ይችላል። መጻሕፍትንና ንዋየ ቅድሳትን በጥሞና ለማየት ግን ሕዝብ የማይበዛበት የሥራ ቀን ይሻላል፤ በበዓልና በቅዳሴ ሰዓት አባቶች በአገልግሎት ላይ ስለሚሆኑ እንግዳን ለማስተናገድ ጊዜ አይኖራቸውም።

ሁለተኛ ቀን ያለው መንገደኛ በዚያው መስመር ወደ ሰሜን ቀጥሎ ወደ አምባሰል ወረዳ ሊሻገር ይችላል። በዚያ በ1881 ዓ.ም. በዐፄ ምኒልክና በኢጣሊያ መንግሥት መካከል ውል የተፈረመባት ውጫሌ ትገኛለች። በግማደ መስቀሉ የምትታወቀውና መስከረም 21 ቀን እጅግ ብዙ ምእመናን የሚሰበሰቡባት ግሸን ደብረ ከርቤም በዚሁ ወረዳ ናት። የግሸን መንገድ አስቸጋሪ ስለሆነ ከሐይቅ ጋር በአንድ ቀን ማጣመር አይመከርም።

እንግዳ ሊጠብቀው የሚገባ ሥርዓት

ሐይቅ እስጢፋኖስ የወንዶች ገዳም ነው። በጥንቱ ሥርዓት መሠረት ሴቶች ወደ ገዳሙ ቅጽር አይገቡም። ቤተሰብ ይዞ የሚሄድ ሰው ይህን አስቀድሞ ማወቅና ሴቶች እስከ የት መድረስ እንደሚችሉ ከበር ላይ መጠየቅ ይኖርበታል። የሐይቁን ዳርቻና አካባቢውን ለማየት ግን ለማንም ክልከላ የለም።

መነኮሳትን «አባ» ብሎ መጥራት ተገቢ ነው። የቤተ ክርስቲያኒቱ ልጅ የሆነ ሰው «አባ ይፍቱኝ» ብሎ መስቀል ይሳለማል፤ የሌላ እምነት ተከታይ የሆነ እንግዳም በአክብሮት እጅ ነስቶ ሰላምታ ቢሰጥ ይበቃዋል። ወደ ቤተ መቅደስ ሲገባ ጫማ ይወልቃል፣ ስልክ ይዘጋል። ፎቶግራፍ የሚነሣው ፈቃድ ሲገኝ ብቻ ነው። ጥንታዊ መጽሐፍ ሲታይ በእጅ አይነካም፤ የእጅ ወዝና የካሜራ ብልጭታ ቀለሙን ይጎዳሉ።

አንዳንድ መጽሐፍ ለማንም ጠያቂ የማይወጣ መሆኑን መረዳትም ያስፈልጋል። የጥንት ብራና በተገለጠ ቁጥር ስፌቱ ይላላል፣ ቀለሙም ይረግፋል። አባቶች «ዛሬ አይቻልም» ቢሉ ንፉግነት ሳይሆን አደራ ነው። የመግቢያ ክፍያ ከተጠየቀ በደረሰኝ መክፈል ይገባል። አንድ ሰው ከገዳም ወጣ የተባለ የብራና ቅጠል፣ መስቀል ወይም ሥዕል ለሽያጭ ቢያቀርብ መግዛት የተከለከለ ነው። ቅርስ የሚሰረቀው ገዥ እስከተገኘለት ድረስ ነውና፣ ወዲያውኑ ለገዳሙ አስተዳደር ወይም ለፖሊስ ማሳወቅ የእያንዳንዱ ጎብኝ ግዴታ ነው።

ውኃው ከጎደለ

ለብዙ ዘመን ገዳሙን ከእሳትና ከዘራፊ የከለለው ውኃው ነበር። ዛሬ ጥበቃ የሚሻው ውኃው ራሱ ሆኗል። በሐይቁ ዙሪያ ያለው ተዳፋት መሬት የሚታረስ ነው። በክረምት ጎርፍ ታጥቦ የሚወርደው አፈር መጨረሻው ሐይቁ ነው፤ የሐይቁም ወለል ቀስ በቀስ በደለል ይሞላል። ከእርሻ ታጥቦ የሚገባ ማዳበሪያ ደግሞ በውኃው ላይ አረንጓዴ አልጌ እንዲበዛ ያደርጋል። አልጌው ሲሞትና ሲበሰብስ በውኃው ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ስለሚጨርስ ዓሣ ይታፈናል። ሐይቁ መውጫ ወንዝ ስለሌለው ይህ ሁሉ ከዓመት ወደ ዓመት ይጠራቀማል።

የዚህ መጨረሻ ምን ሊሆን እንደሚችል በምሥራቅ ሐረርጌ የሚገኘው የሐረማያ ሐይቅ አሳይቷል። ለሐረር ከተማ የመጠጥ ውኃ ይሰጥ የነበረው ያ ሐይቅ ለመስኖ ከልክ በላይ በመቀዳቱና በደለል በመሞላቱ በ1990ዎቹ ዓ.ም. ማብቂያ ገደማ ደርቆ ከብት የሚሰማራበት ሜዳ ሆኖ ነበር። ከዓመታት በኋላ ውኃ መልሶ መያዝ ቢጀምርም፣ የጠፋበት ዘመን ለአካባቢው ሕዝብ ከባድ ነበር። ሎጎ ሐይቅ ጥልቅ በመሆኑ በዚያ ፍጥነት ይደርቃል ተብሎ አይታሰብም። ሆኖም ደሴት የነበረው መሬት ዛሬ ከየብስ ጋር መያያዙ ለሚያስተውል ሰው በቂ ማስጠንቀቂያ ነው።

መፍትሔው በአካባቢው ገበሬ ዘንድ የሚታወቅ ነው። በተዳፋት መሬት ላይ እርከን መሥራት፣ ቦረቦር በድንጋይ ክትርና በጋቢዮን መድፈን፣ ኮረብታን ከልቅ ግጦሽ ከልሎ ሣርና ቁጥቋጦ እንዲያበቅል ማድረግ፣ እስከ ውኃው አፋፍ ከማረስ መቆጠብና በዳርቻው ላይ ሣር የለበሰ መሬት መተው አፈርን በማሳው ላይ ያቆያል። ጥቅሙም በመጀመሪያ የሚደርሰው ለገበሬው ራሱ ነው፤ ወደ ሐይቁ የሚወርደው አፈር ከማሳው ላይ ለሙ ነውና። ዓሣ አስጋሪውም ዓይኑ ጠባብ የሆነ መረብ ቢተውና ቆሮሶ እንቁላል በሚጥልበት ወራት ማስገሩን ቢቀንስ ለሚቀጥለው ዓመት ዘር ያተርፋል። የከተማ ጎብኝ ድርሻ ደግሞ ቀላል ነው፦ ያመጣውን ፕላስቲክ ይዞ መመለስ።

በተሁለደሬ ወረዳ አብዛኛው ገበሬ የእስልምና እምነት ተከታይ ነው። ገዳሙ በእነዚህ ጎረቤቶች መካከል ለብዙ ትውልድ ኖሯል፤ ጎረቤቶቹም ከዚሁ ሐይቅ ዓሣ ያሰግራሉ፣ ከብት ያጠጣሉ። መነኩሴው መጻሕፍቱን ሲጠብቅ ገበሬው አፈሩን ይጠብቃል፤ ሁለቱም የሚጠብቁት አንዱን ሐይቅ ነው። በክረምት ዋዜማ በተሁለደሬ ኮረብታዎች ላይ የሚሠራ እያንዳንዱ እርከን ለሚቀጥለው ሰብል እንደሚጠቅመው ሁሉ የኢየሱስ ሞዐ ወንጌል የተቀመጠበትን ዳርቻም ይጠብቃል።